ባዝ ያለው ቤት፣ ፒያሳ የነበረው ቤት

እናቴ መስኮቱ አጠገብ ቆማ መዳፏን ከመቃኑ ሥር ዘረጋች። ትንሽ ቆይታ ወደ እኔ ዞረችና «ንፋስ ይገባል እኮ» አለችኝ።

የቆምንበት ቤት ፌርፊልድ ሀውስ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ፣ ኬልስተን መንገድ ላይ ያለው የጃንሆይ የስደት ቤት። ጊዜው የ2017 ጥቅምት ማለቂያ ነበር። እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ያረፈችው ብሪስቶል፣ እኔ ቤት ነው። ከብሪስቶል ባዝ በባቡር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።

ያቺ ቀን ከዚያ ወዲህ አልለቀቀችኝም። ዕቃ ሳጥብ ትመጣብኛለች። አውቶቡስ ስጠብቅ ትመጣብኛለች። ትዝ የሚለኝ ደግሞ ሌላው ሁሉ ቀርቶ ያ መስኮት ነው። እናቴ ስለ መስኮቱ የጠየቀችው ጥያቄ፣ መልሱን ሰምታ የተናገረችው ነገር፣ እኔም ሳልተረጉምላት የዋጥኩት።

«ይቺ ናት?»

እናቴን ወደዚያ የወሰድኳት ልቧን ላሳርፋት ብዬ ነበር። ከሰባት ወር በፊት፣ መጋቢት 2016 ላይ፣ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የነበረው የአያቴ ቤት ፈርሷል። እናቴ እዚያ ተወለደች። እኔም እዚያ አደግኩ። እንግሊዝ ከመጣች ጀምሮ ስለ ቤቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። አዲሱ ኮንዶሚኒየም እንዴት ነው ስላት «ውሃ አለው፣ መብራት አለው፣ እግዜር ይመስገን» ትለኛለች። ከዚያ ወሬ ትቀይራለች።

የፌርፊልድ በር ላይ ስንደርስ ቆም ብላ ቤቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ይቺ ናት? የሐኪም ቤት ነው እኮ የምትመስለው።»

ልክ ነበረች። ፌርፊልድ ቤተ መንግሥት ሆኖ አልተሠራም። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ፣ ኑሮ የሞላለት ቤተሰብ እንዲኖርበት የተሠራ ቪላ ነው። ድንጋዩ እንደ ከተማው ቤቶች ሁሉ ማር የመሰለው የባዝ ድንጋይ ነው። ያኔ እኛ ጋ ወይ ዘመነ መሳፍንት ሊያበቃ ነው፣ ወይ አፄ ቴዎድሮስ መንገሣቸው ነው። አዲስ አበባ የምትባል ከተማ ገና የለችም። በዚያ ዘመን እንግሊዞች የጣሊያን ቪላ መልክ ይወዱ ስለነበር ፌርፊልድም የተሠራው በዚያው መልክ ነው። ጣሊያን አገራቸውን የቀማቸው ንጉሥ የተጠለሉት በጣሊያን አምሳል በተሠራ ቤት ውስጥ መሆኑን ሳስብ ሁሌ አንድ ነገር ይሰማኛል። ጠዋት ጠዋት ከአትክልቱ ሲመለሱ ያን መልክ ቀና ብለው ሲያዩት ምን ይሉ ይሆን?

ጄኔቫ ላይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ያደረጉትን ንግግር ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚያ በኋላ ስላለው ግን ብዙ አናወራም። በዚያው ክረምት ባዝ መጡ። መጀመሪያ ሆቴል አረፉ፣ ቀጥለው ይሄን ቤት ገዙ። ጣሊያን ወደ ትልቁ ጦርነት ገብታ በካርቱም በኩል መንገድ እስኪከፈት፣ ማለትም እስከ ሰኔ 1932 ድረስ፣ አራት ዓመት ገደማ ኖሩበት። የገንዘብ ችግር ነበር። ብርዱ ነበር። እቴጌ መነን አየሩ አልስማማቸው ብሎ ኢየሩሳሌም ሄደው የቆዩበት ጊዜ አለ። ልዕልት ፀሐይ ለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ ነርስነት ተማሩ። ጃንሆይ የሕይወት ታሪካቸውን የመጀመሪያ ክፍል ያዘጋጁትም እዚሁ ባዝ ነው። እንግዲህ አስቡት፣ አገር የሌለው ንጉሥ፣ የሰው አገር፣ ዝናብ፣ ጠረጴዛ፣ ወረቀት።

እናቴ የጃንሆይ አድናቂ አይደለችም። ታላቅ ወንድሟ «መሬት ላራሹ» ብለው ከወጡት ተማሪዎች አንዱ ነበር። የወሎን ረሃብ ታስታውሳለች። የሄደችው እኔን ደስ እንዲለኝ ብላ ነው። ይሄን የምለው አሮጌ ቤት መጠበቅ ማለት ባለቤቱን ማሞገስ የሚመስላቸው ሰዎች ስላሉ ነው። እናቴ ከዚያ ቤት ስትወጣ ስለ ሰውየው ያላት ሐሳብ ያው ነው። ስለ ቤቱ ግን እስከ ዛሬ ታወራለች።

መስኮቱ

በሩን የከፈቱልን ድሬዳቸው የሸበተ ራስታ ሰው ናቸው። እናቴን ሲያዩ ደረታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው፣ ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል «ጤና ይስጥልኝ፣ እማማ» አሉ። እናቴ ደነገጠች። «አብሮ ይስጥልን፣ የኔ ልጅ» አለቻቸው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው።

ክፍሎቹን አሳዩን። የእሳት ምድጃውን፣ ደረጃውን፣ ፎቶዎቹን። እናቴ ሁሉንም በአክብሮት እያየች አለፈች። ፊት ለፊት ያለው ትልቅ መስኮት ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። መዳፏን ዘረጋች። ንፋሱን ነገረችኝ። እኔም ለሰውየው ተረጎምኩላቸው።

ሳቁና መስኮቱን ሊያሳዩን ቀረቡ። ወደ ላይ የሚገፋ ዓይነት ነው። ሁለት እጃቸውን ከታች አስገብተው ቀስ አድርገው ሲያነሱት ከግድግዳው ውስጥ «ዱ… ዱ…» የሚል ድምፅ ተሰማ። እናቴ ወደ ኋላ አለች። ሰውየው ጣታቸውን ጎን ላይ ወዳለው መቃን ቀሰሩ። እዚያ ውስጥ፣ ከዓይን ተሰውሮ፣ በገመድ የታሰረ ከባድ ብረት ተንጠልጥሏል። መስኮቱ ሲወጣ ብረቱ ይወርዳል። መስኮቱ ሲወርድ ብረቱ ይወጣል። ስለዚህ ያን ሁሉ መስታወት ሕፃን ልጅ እንኳ ማንሳት ይችላል፣ በፈለጉበት ከፍታ ላይም ይቆማል። ገመዱ ከመቃኑ አናት ላይ፣ ትንሽ መዘውር ላይ ሲጠመዘዝ ይታያል። በብዙ ዓመት ቀለም የጠነከረ፣ መሐሉ የሳሳ ገመድ ነው። እናቴ በሌባ ጣቷ ነካችው።

«ታዲያ ንፋስ ከገባ ለምን አይቀይሩትም? ልጄ ቤት እኮ ድርብ መስታወት ነው።»

ሰውየው አስረዱን። ቤቱ የተመዘገበ ነው። የተመዘገበ ቤት መስኮት እንደፈለጉ አይነቀልም። መልኩን የሚለውጥ ነገር ለማድረግ መጀመሪያ ማመልከት፣ ሥዕሉን ማቅረብ፣ ምን እንደሚነሳና በምን እንደሚተካ ማስረዳት ያስፈልጋል። እንጨቱ ከበሰበሰ የበሰበሰውን ብቻ ቆርጦ በመሰሉ እንጨት መጣፍ ነው የሚመረጠው። እያንዳንዱ እንደዚህ ያለ ቤት መዝገብ ላይ በቃላት ተጽፏል። ስንት ፎቅ እንደሆነ፣ ድንጋዩ ምን እንደሆነ፣ መስኮቱ ምን ዓይነት እንደሆነ። መዝገቡ ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ነው።

እየተረጎምኩ ሳለሁ እናቴ መስኮቱን ትታ እኔን ማየት ጀመረች።

«ለመስኮት ያስፈቅዳሉ?»

«አዎ እማዬ።»

ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የእኛን ሙሉ ቤት ሲያነሱት መስኮቱ ስንት እንደነበር እንኳ የጻፈ የለም» አለች።

ሰውየው ምን እንዳለች እንድነግራቸው በዓይናቸው ጠየቁኝ። እኔ ግን «ቆንጆ ነው አለች» አልኳቸው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም።

ሁለት «አትንኩ»

ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ከሥሩ ላስበው ብዬ ተነሳሁ።

የአያቴ ቤት በወረቀት የእኛ ሆኖ አያውቅም። የሠራው ነጋዴ ነው፤ አያቴ ከእሱ ነበር የተከራየችው። ሐምሌ 1967 ላይ ትርፍ ቤት ሲወረስ ቤቱ የቀበሌ ሆነ። አያቴም የቀበሌ ተከራይ ሆነች። ከዚያ እስከ መጨረሻው ድረስ የከፈልነው በጣት የሚቆጠር ብር ነው። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ሳሎኑ የአቡጀዲ ኮርኒስ ነበረው፣ ኖራ የተቀባ። ዝናብ በገባ ቁጥር ኮርኒሱ ላይ የካርታ መልክ ያለው ቡናማ እድፍ ይወጣል። እኔና የአክስቴ ልጅ ተኝተን ሽቅብ እያየን «ይሄ ጣና ነው፣ ይሄ ቀይ ባሕር ነው» እንባባል ነበር። በረንዳው ጣውላ ነው። ከጣሪያው ጠርዝ ላይ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ እንጨት ዙሪያውን ይዞራል። ከታች ሆኖ ላየው ሰው ቤቱ ነጠላ የለበሰ ይመስላል።

ልጅ ሆኜ አንዱ መስኮት ወደቀ። መቃኑ ተበልቶ ነበር። አያቴ ልትሠራው ስትል ፈቃድ ያስፈልጋል አሏት። ሄደች። ተመለሽ አሏት። ተመለሰች። ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይነካም፣ ፈቃዱም እስኪታይ ጠብቂ አሏት። ላስቲክ ወጠረችበት። ላስቲኩ ሲቀደድ ሌላ ላስቲክ ወጠረች። ክረምት ከክረምት፣ ዓመት ከዓመት። አያቴ ከዚህ ዓለም ስትለይ መስኮቱ ላይ ላስቲክ ነበር።

እኩለ ሌሊት ላይ አንድ ነገር ገባኝ። ፌርፊልድም የዶሮ ማነቂያውም ቤት «አትንኩት» ተብለዋል። አንዱ እንዳይጠፋ አትንኩት ተባለ። ሌላው እስኪወድቅ ድረስ አትንኩት ተባለ። ቃሉ አንድ ነው። አንዱ ጋ ግን ከቃሉ ጀርባ ቤቱን ከልቡ ያየ፣ ጎንበስ ብሎ መስኮቱን የቆጠረ ሰው አለ።

እንግሊዞች ይሄን ከጥንት የያዙት ነገር እንዳይመስላችሁ። ባዝ ራሷ ሚያዝያ 1934 ላይ በጀርመን አውሮፕላኖች ተደብድባ ከ400 በላይ ሰው ሞቶባታል። ስንት ያማረ ቤት ወደ ፍርስራሽ ተለወጠ። ዛሬ ያለው የምዝገባ ሥርዓት የተተከለው ከጦርነቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 በወጣው የከተማ ፕላን ሕግ ነው። የፈረሰውን ዓይተው የቀረውን መቁጠር ያዙ ማለት ነው።

እኛም ሕግ አጥተን አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጎረቤቶቻችንን ደግሞ መርሳት አልፈልግም። አንድ ሽንት ቤት ለአሥራ ምናምን ቤተሰብ፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ አይጥ። ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው እልል ያሉ አሉ፤ እልልታቸው እውነት ነው። እዚያ ያልኖረ ሰው ስለ ጥልፉ እንጨት ብቻ ሲያወራ እኔም ይከፋኛል። ሰውን ከአይጥ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ቤቱን መጠበቅ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰብ ግን ይቻል ነበር ብዬ አምናለሁ። መስኮቱን በጊዜው እንድትሠራ ቢፈቀድላት አያቴ ትሠራው ነበር። በእጇ።

ምሳ

ወደ ባዝ ልመለስ፤ ምሳውን ሳልነግራችሁ መቅረት የለበትም።

ጃንሆይ ጥቅምት 1947 ላይ ባዝን እንግዳ ሆነው ጎበኙ፣ ከተማዋም የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1958 ቤቱን ለከተማዋ ሰጡ፤ ስጦታውም አረጋውያን እንዲጠቀሙበት ነው። እኛ የሄድን ቀን የአረጋውያን ቀን ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ከካሪቢያን ደሴቶችና ከሌላም አገር መጥተው ባዝ ያረጁ ሰዎች ተሰብስበው ምሳ ይበላሉ። የሩዙና የቅመሙ ሽታ ደረጃው ድረስ ይመጣል። እናቴ ገብታ ሰላም ስትል አንዲት አሮጊት ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጧት። ጃማይካ ተወልደው በ19 ዓመታቸው ነርስ ለመሆን የመጡ ናቸው። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። እንግሊዝ የገቡት ቤቱ በተሰጠ በዓመቱ ነው።

እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። ሴትዮዋ ስለ መጀመሪያ ክረምታቸው ይነግሯታል፣ እኔ እተረጉማለሁ። ሳንቲም እየጎረሰ የሚሠራ ማሞቂያ፣ አንሶላው ከብርዱ የተነሳ እርጥብ የሚመስልበት ክፍል፣ ካፖርት ለብሶ መተኛት። እናቴ ራሷን ትነቀንቃለች። በመጨረሻ መስኮቱን በእጇ አሳየቻቸውና «ኮልድ» አለች። ሴትዮዋ ክንዷን ያዝ አድርገው «ኮልድ፣ ኮልድ!» ብለው ሳቁ። «እቴጌዋ እኮ ወደው አይደለም ኢየሩሳሌም የሄዱት» አለችኝ እናቴ። ያንን ተረጎምኩ። ሳቁ ጠረጴዛውን ዞረ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንላለን። ያን ቀን ስለዚህ ተረት ብዙ አሰብኩ። ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ሲወርዱ በእጃቸው የነበረው ሁሉ ተወሰደ። የሰጧቸው ግን ቀሩ። ከ1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በኋላ ገነተ ልዑልን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ፤ ዛሬም ስድስት ኪሎ ግቢ ተማሪ ይመላለስበታል። ይሄንን ቤት ለአረጋውያን ሰጡ፤ ይኸው ማክሰኞ ቀን ምሳ ይበላበታል። መዝገቡ መስኮቱን ይጠብቃል። ግን በየሳምንቱ በሩን ከፍቶ፣ ማሞቂያውን ለኩሶ፣ ሩዝ የሚቀቅል ሰው ባይኖር ንፋሱን የሚሰማው መዳፍ ከየት ይመጣ ነበር? የታሸገ ቤት ሲያረጅ አይቻለሁ። ቶሎ ነው የሚያረጀው።

ስንት ደረጃ

ባቡር ላይ ስንመለስ እናቴ ወደ ውጭ እያየች ነበር። ድንገት «የእኛ አራት ነበር» አለች።

«ምኑ?»

«መስኮቱ። ሁለቱ ወደ መንገድ፣ አንዱ ወደ ጓሮ፣ አንዷ ትንሿ ማድ ቤት። የማድ ቤቷ መስታወት አልነበራትም፣ ጣውላ ነው።»

ቦርሳዬ ውስጥ የነበረ ደረሰኝ አውጥቼ ጀርባው ላይ መሣል ጀመርኩ። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው ወይስ ወደ ውጭ? ወደ ውስጥ። የአያቴ፣ የእማማ፣ አልጋ በየት በኩል ነበር? ከመንገዱ መስኮት ሥር። ምጣዱ? ብሪስቶል ስንደርስ ደረሰኙ ሞልቶ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ አንዲት ቃል ያልተነፈሰችው እናቴ ከጣቢያው እስከ ቤት ድረስ በእግራችን እየሄድን ስለ በረንዳው ጣውላ አወራች። የትኛው ሲረገጥ እንደሚጮህ። ልጆች ሆነው አምሽተው ሲገቡ እሱን እንዴት እንደሚዘሉት።

ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከእናቴና ከአክስቴ ጋር በስልክ እንገናኛለን። እናቴ ተመልሳለች፤ ሁለቱም ኮንዶሚኒየም ናቸው፣ አንዷ ከሌላዋ ሁለት ታክሲ ይርቃሉ። እኔ ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ። የግድግዳውን ቀለም ጽፈናል። ውሃ ሰማያዊ ነበር፤ በኋላ ክሬም ሆነ። የጥልፉን እንጨት ቅርጽ ሥዬ ልኬላቸው ሁለት ጊዜ አርመውኛል። ላስቲክ የነበረበትን መስኮት አክስቴ እንዳልጽፈው ለምናኝ ነበር፤ እናቴ «ይጻፍ» ብላለች። ተጽፏል።

ያልተስማማንበት አንድ ነገር አለ። ከመንገዱ ወደ በረንዳው የሚያወጣው ደረጃ ስንት ነበር? እናቴ ሰባት ትላለች። አክስቴ ስምንት ትላለች፣ ውሃ በእንስራ ተሸክማ ስትወጣ ትቆጥረው እንደነበር እየማለች። ባለፈው ሳምንት አክስቴ የእናቴን የሠርግ ፎቶ አግኝታ በቴሌግራም ላከችልን። 1968። እናቴ ደረጃው ላይ ቆማለች፣ አባቴ አጠገቧ ነው፣ እማማ ከላይ በረንዳው ላይ ትታያለች። አጉልቼ ከላይ ወደ ታች ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሰባት። ከሰባተኛው በታች ያለውን የእናቴ ቬሎ ሸፍኖታል።